ለስላሳ ኮራልን በቤት አኳሪየም አባዝቶ መሸጥ

ለስላሳ ኮራልን በስለት ከፍሎ ሁለት ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተቆረጠው ክፍል ቁስሉ እስኪድን፣ ከድንጋይ ጋር እስኪጣበቅና በገዢው አኳሪየም ውስጥ ፖሊፖቹን፣ ማለትም እንደ አበባ የሚከፈቱ ደቃቅ አካላቱን ዘርግቶ መኖር እስኪጀምር መንከባከብ ግን ሳምንታትን ይወስዳል፤ ገዢው ገንዘብ የሚከፍለውም ለዚህኛው ሥራ ነው። ይህ መመሪያ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል ሳይናጋ የቆየ የጨው ውኃ አኳሪየም ላላቸውና ኮራሎቻቸው አድገው ቦታ ላጣበቡባቸው፣ በተለይም የዚህ ሥራ ገበያ በደራበት በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች የተጻፈ ነው። አኳሪየሙ ገና ጥቂት ወራት ያስቆጠረ ሰው ምላጭ ከማንሳቱ በፊት ውኃውን ቢያረጋጋ ይሻለዋል።

ቤት ውስጥ ማባዛት ለባሕሩም ይበጃል። ለአኳሪየም የሚሸጠው ኮራል ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ከሕንድና ከሰላማዊ ውቅያኖስ ሪፎች (ኮራል ከሠራቸው የባሕር ውስጥ ዐለቶች) እየተለቀመ ይመጣ ነበር። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮራል ወደ ውጭ መላክን አግዳ እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ ስታቆይ፣ የቤትና የአነስተኛ እርባታ ቦታዎች ውጤት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለብዙዎች ግልጽ ሆነ። ከዚህም በላይ በአኳሪየም ውስጥ የተወለደ ቁራጭ ሰው ሠራሽ ብርሃንንና የተዘጋ ገንዳን የለመደ በመሆኑ፣ ከባሕር በቅርቡ ከመጣው ይልቅ የመኖር ዕድሉ ሰፊ ነው።

የትኞቹን ማባዛት ይገባል?

እውነተኛዎቹ ለስላሳ ኮራሎች በእያንዳንዱ ፖሊፕ ላይ ስምንት ክንድ ያላቸው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ አጽም የሌላቸውና ሥጋቸው ውስጥ ብቻ ደቃቅ የካልሲየም መርፌዎች የያዙ እንስሳት ናቸው። ሳርኮፋይተን፣ ሲኑላሪያ፣ ኬንያ ትሪ ተብሎ የሚጠራው ካፕኔላ፣ ዜኒያና ግሪን ስታር ፖሊፕ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። እንጉዳይ ኮራሎችና ዞአንቲዶች ከሌላ ወገን ቢሆኑም በገበያው ላይ አብረው ስለሚሸጡና እንክብካቤያቸውም ስለሚመሳሰል እዚህ አብረን እናያቸዋለን።

ጀማሪ ሰው ከእንጉዳይ ኮራል፣ ከኬንያ ትሪና ከግሪን ስታር ፖሊፕ ቢጀምር ጥሩ ነው። ኬንያ ትሪ ምላጭ እንኳ አያስፈልገውም፤ ቅርንጫፎቹን በራሱ ጊዜ ይጥላል፣ የወደቀውም ባረፈበት ቦታ ሥር ይሰዳል። በአንጻሩ ዴንድሮኔፍቲያ የሚባለው ደማቅ ቀለም ያለው ኮራል ዓይን ቢስብም ከብርሃን ምግብ የማይሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ደቃቅ ምግብ የሚፈልግና በቤት አኳሪየም ውስጥ ብዙውን ጊዜ በረሃብ የሚያልቅ ስለሆነ ለማባዛት ቀርቶ ለመግዛትም አይመከርም።

እናት ኮራልና ውኃው

ቁራጭ የሚወሰድበት እናት ኮራል ጤነኛ፣ በየቀኑ የሚከፈትና በቅርብ ሳምንታት ውስጥ ያልተዛወረ መሆን አለበት። ተጨብጦ የሰነበተን ኮራል "ሳይሞት ላትርፈው" ብሎ መቁረጥ የሚገባው መበስበስ ሲጀምር ብቻ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ቁራጭም ለሽያጭ አይሆንም። እዚህ ላይ ሳርኮፋይተንን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ኮራል በየጊዜው ፖሊፖቹን ሰብስቦ ለቀናት ይዘጋና በላዩ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይገፍፈዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ገፍፎ ጨርሶ እስኪከፈት ድረስ ግን ስለት ሊነካው አይገባም።

ውኃውን በተመለከተ ጨዋማነቱ 35 ግራም በኪሎግራም አካባቢ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ አልካሊኒቲው (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ8 እስከ 9፣ ካልሲየሙ ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ተስማሚ ነው። ለስላሳ ኮራል ፍጹም የጠራና ምግብ አልባ ውኃ አይወድም፤ ናይትሬት ከ5 እስከ 15፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን ቶሎ ያድጋል። ብርሃኑም መካከለኛ ይበቃዋል፤ ለብርሃን አስተጻምሮ የሚያገለግለውን ብርሃን በሚለካው በፓር መለኪያ ከ50 እስከ 150 ባለው ውስጥ አብዛኞቹ ይመቻቸዋል፣ እንጉዳይ ኮራሎች ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ያዘነብላሉ። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሚበልጠው ግን አለመለዋወጣቸው ነው፤ ዛሬ 7 ነገ 10 ከሚሆን አልካሊኒቲ ይልቅ ዘወትር 7.5 ላይ የሚቆይ ይሻላል።

ቁራጮቹን ለማሳረፍ 20 ጋሎን ወይም 75 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነና ከዋናው አኳሪየም የተለየ ገንዳ ቢኖር ይመረጣል። ቦታ የሌለው ሰው በዋናው አኳሪየም ግድግዳ ላይ በማግኔት የሚለጠፍ መደርደሪያ መጠቀም ይችላል። የመብራት ማሰራጫ የሆነውን ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ የፕላስቲክ ፍርግርግ ከግንባታ ዕቃ መደብር ገዝቶ በልክ መቁረጥም ርካሽና አስተማማኝ መደርደሪያ ያስገኛል።

ከመቁረጥ በፊት፦ የራስ ደኅንነት

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከዞአንቲዶች መካከል ፓሊቶዋና አንዳንድ ዞአንተስ የሚባሉት ኮራሎች ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። መርዙ እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋይ ውስጥ ከተገኘ የፓሊቶዋ ዝርያ ተለይቶ የተገለጸ ሲሆን፣ ፕሮቲን ካልሆኑት መርዞች መካከል እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በቁስል፣ በዓይን ወይም በመተንፈሻ አካል በኩል ወደ ሰውነት ሊገባ ይችላል፤ በተለያዩ አገሮች መላ ቤተሰብ ሆስፒታል የገባባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። የብዙዎቹ መነሻም ኮራሉ ያለበትን ድንጋይ ማፍላት፣ በፈላ ውኃ ማጠብ ወይም በብሩሽ መፋቅ ነበር።

ስለዚህ ማንኛውንም ኮራል ሲቆርጡ የናይትሪል ጓንትና ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ያድርጉ፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ሥራውን ያዘግዩ። ዞአንቲድ ሲቆረጥ ፈሳሽ ወደ ፊት ሊረጭ ስለሚችል ቁራጩን ውኃ ውስጥ እንዳለ ይያዙት። ኮራል ያለበትን ድንጋይ በፍጹም አያፍሉ፣ በማይክሮዌቭም አያሙቁ። ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከሥራው ቦታ ይራቁ፤ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ መክተፊያና ሣህንም ለዚህ ሥራ አይዋሉ። ከሥራው በኋላ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ትኩሳት፣ የደረት መጨነቅ ወይም የዓይን ማቃጠል የተሰማው ሰው ቤት ውስጥ ሳይጠብቅ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ኮራል እንደነካ በግልጽ መናገር አለበት። በአሜሪካ የመርዝ መከላከያ ማዕከላት የነጻ ስልክ 1-800-222-1222 ነው።

አቆራረጥ

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አዲስ የቀዶ ጥገና ምላጭ፣ ስለታም መቀስ፣ ድንጋይና መሠረት ለመስበር የአጥንት መቁረጫ፣ ወረንጦ፣ እንደ ጄል የወፈረ ሱፐር ግሉ፣ ቁራጭ የሚለጠፍባቸው ትንንሽ ሴራሚክ መሰኪያዎችና ትንንሽ የሪፍ ድንጋይ ስብርባሪ። ሁለት ንጹሕ ሣህኖች ላይ ከአኳሪየሙ የተቀዳ ውኃ ያዘጋጁ፤ አንዱ ለመቁረጫ፣ ሌላው ለማጠቢያ ይሆናል። ሁለቱም በኋላ ይደፋሉ እንጂ ወደ አኳሪየሙ አይመለሱም።

ሳርኮፋይተን ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይፈራሉ፤ መፍራት የለባቸውም። ባርኔጣ የመሰለውን የላይኛውን ክፍል ከግንዱ በአንድ ለስላሳ የምላጭ ጉተታ ይለዩት። የቀረው ጉቶ እንደተቆረጠ ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም አዲስ ራስ መሥራት ይጀምራል። የተቆረጠው ባርኔጣ ደግሞ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየተሸነሸነ ከአራት እስከ ስምንት ቁራጭ ይወጣዋል። ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ማውጣት ገቢ የሚጨምር ቢመስልም ትንንሾቹ በቀላሉ ስለሚበሰብሱ ውሎ አድሮ ኪሳራ ነው።

እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ አይሠራም። እንደ ሳርኮፋይተንና ሲኑላሪያ ያሉ ቆዳ መሰል ኮራሎች ሲቆረጡ ብዙ ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሚያወጡ ሙጫው ለሰዓታት የያዘ መስሎ ሌሊት ይለቃል። የተሻለው ዘዴ ቁራጩን በስቴኪኒ ወግቶ፣ ስቴኪኒውን በድንጋይ ስብርባሪው ላይ አጋድሞ በላስቲክ ማሰር ነው፤ ላስቲኩ ሥጋውን እንዳይቆርጥ ስቴኪኒውን እንጂ ኮራሉን አይጫን። ሌላው ዘዴ ቁራጮቹን ድንጋይ በተነጠፈበት ትንሽ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ አፉን ለሙሽራ ዓይነ ርግብ በሚሆን ስስ መረብ መሸፈን ነው። ውኃ በቀስታ እየተመላለሰ ሳለ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቁራጩ በራሱ ይጣበቃል። ሲኑላሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ቅርንጫፎቹ ከመሠረታቸው አጠገብ በመቀስ ይቆረጣሉ።

እንጉዳይ ኮራል በአፉ በኩል ተሰንጥቆ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ የአፉን ቁራሽ ቢይዝ ቶሎ ይድናል። በእግሩ ሥር ከድንጋዩ ላይ ሲላጥ የሚቀረው ስስ ቅሪት ሳይቀር አዲስ እንጉዳይ ይሆናል፤ ስለዚህ የተላጠበትን ቦታ አይፋቁት። ግማሾቹም ከላይ እንደተገለጸው በመረብ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

ግሪን ስታር ፖሊፕ ከሁሉ ይቀላል። ሐምራዊው ምንጣፉ ከድንጋይ ወይም ከመስታወት ላይ ተልጦ፣ በመቀስ በሚፈለገው መጠን ተቆርጦ፣ ጀርባው በጨርቅ ደረቅ ተደርጎ በሱፐር ግሉ ይለጠፋል። ዞአንተስም በፖሊፖቹ መካከል ባለው ሥጋ ላይ ብቻ ይቆረጣል እንጂ ፖሊፕ አይሰነጠቅም።

ዜኒያን ከመቁረጥ ማስኬድ ይሻላል። መሰኪያዎችን ወይም ድንጋዮችን ከእናቱ አጠገብ አስጠግተው ይደርድሩ፤ በራሱ ተራምዶ ይወጣባቸዋል፣ ከዚያም የሚያገናኘው ሥጋ ይቆረጣል። የዜኒያ ዘመዶች እጃቸውን እየጨበጡ የሚዘረጉት ለምን እንደሆነ በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኤላት የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል፤ እንቅስቃሴው በሥጋው ዙሪያ የሚከማቸውን ኦክስጅን ጠርጎ በውስጡ የሚኖሩት አልጌዎች የሚያካሂዱትን ብርሃን አስተጻምሮ ያፋጥናል። ይህ ኮራል ምን ያህል በውኃው ዝውውር ላይ እንደተመሠረተ ማወቅ፣ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ረጅም መንገድ ለምን እንደማይችልም ለመገመት ይረዳል። ዜኒያን በፖስታ አይላኩ፤ ለአካባቢ ገዢ በእጅ ያስረክቡ።

የማገገሚያ ጊዜ

ለስላሳ ኮራሎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚዋጉት በኬሚካል ነው። ሲቆረጡ ተርፒን የሚባሉ ውህዶችን በብዛት ስለሚለቁ በተመሳሳይ አኳሪየም ያሉ ጠንካራ ኮራሎችን ሊጎዱ ይችላሉ። በአንድ ቀን ብዙ ቆዳ መሰል ኮራል አይቁረጡ፤ በቆረጡ ቀን እነዚህን ውህዶች ከውኃው የሚመጥ አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን ያስገቡ፣ በማግስቱም ከውኃው ከ10 እስከ 20 በመቶውን ይለውጡ።

የተቆረጠውን ለኮራል በተዘጋጀ የአዮዲን መንከሪያ ውስጥ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠንና ጊዜ መንከር ቁስሉን ከብክለት ይጠብቃል። ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ብርሃኑን ዝቅ፣ የውኃውን ዝውውር መካከለኛ ያድርጉ፤ ዝልግልጉን የሚጠርግ ዝውውር ከሌለ ቁስሉ ላይ ተከማችቶ ያበሰብሳል፣ ከበዛ ደግሞ ቁራጩን ይነቅለዋል። በየቀኑ ይዩዋቸው። የነጣና የሚሸት ቁራጭ ወዲያውኑ ይውጣ፤ ከአጠገቡ ያሉትን እንዳይበክል ማዳን መሞከር አያስፈልግም።

ተባይም በዚህ ጊዜ ይታያል። ዞአንተስን የሚበሉ ኑዲብራንች የተባሉ ደቃቅ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣዎች የሚበሉትን ፖሊፕ ቀለም ስለሚይዙ በቀን አይታዩም፤ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በባትሪ ፈልጉ። እንቁላላቸው በጥቅል መልክ ግንዱ ላይ ይለጠፋል፤ መንከሪያ አይገድለውም፤ በወረንጦ መነቀል አለበት። አይፕታዝያ የተባለችው አረም መሰል አኔሞኒ አንዲትም ብትሆን በመሰኪያው ላይ ካለች ያ ቁራጭ አይሸጥም፤ የገዢውን አኳሪየም በወራት ውስጥ ልትወርሰው ትችላለችና።

መቼ ይሸጣል? ግሪን ስታር ፖሊፕና ዞአንተስ ከተከፈቱና ሥጋቸው መሰኪያው ላይ መስፋት ከጀመረ፣ ማለትም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሊሸጡ ይችላሉ። እንጉዳይ ክብ ቅርጹን መልሶ እስኪይዝ፣ ሳርኮፋይተንና ሲኑላሪያ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆዩ። ፈተናው አንድ ነው፤ መሰኪያውን አንሥተው ውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ሲያወዛውዙት የማይነቃነቅ፣ ተመልሶ ሲቀመጥም በሰዓታት ውስጥ የሚከፈት ቁራጭ ለገበያ ደርሷል። "ትናንት የተቆረጠ ነውና በርካሽ ውሰዱት" የሚል ሽያጭ በእኔ እምነት ሕሊና ያለው ሰው ሊያደርገው የሚገባ አይደለም፤ ቁስሉንና ጉዞውን አንድ ላይ እንዲሸከም የተደረገ እንስሳ በአብዛኛው አይተርፍም።

ሽያጩ

ጥሩው ገዢ በመኪና ሊደርስ የሚችል ገዢ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩት በርካታ ወገኖቻችን ዋማስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአካባቢው የባሕር አኳሪየም ማኅበር አለ፤ በሌሎች ትልልቅ ከተሞችም ተመሳሳይ ማኅበራትና የኮራል መለዋወጫ ገበያዎች ይገኛሉ። የአኳሪየም ሱቆችም ይቀበላሉ፤ አብዛኞቹ ግን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በሱቁ ዕቃ ስለሚከፍሉ ጨውና ምግብ ለሚገዛ ሰው ይህ መጥፎ ውል አይደለም። ፌስቡክ በንግድ ደንቡ የእንስሳት ሽያጭን እንደሚከለክልና ኮራልም እንስሳ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ዋጋን በተመለከተ እውነቱን ማወቅ ይበጃል፤ ለስላሳ ኮራል በብዛት ስለሚገኝ ከኮራሎች ሁሉ ርካሹ ነው። ተራ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ዶላር ሲያወጣ፣ ብርቅ ቀለም ያላቸው ዞአንተስና እንጉዳዮች ግን ብዙ እጥፍ ሊያወጡ ይችላሉ። ይህ ሥራ ለአብዛኛው ሰው የጨው፣ የመብራትና የካርቦን ወጪውን ይሸፍናል እንጂ ደመወዝ አይሆንም፤ ያንን ተቀብሎ የገባ ሰው አይከፋም። ፎቶግራፍ ሲያነሡ ሰማያዊ መብራቱን ቀንሰው፣ ቀለሙን በኮምፒውተር ሳያደምቁ ያንሡ፤ ከጎኑም ማስመሪያ አድርገው መጠኑን ያሳዩ። ስሙን በእርግጠኝነት ካላወቁት ያልሆነ የንግድ ስም አይስጡት።

መላክ ግድ ከሆነ ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብቻ፣ በማግስቱ በሚደርስ አገልግሎት ይላኩ፤ ሐሙስ የተላከ ዕቃ ከዘገየ ቅዳሜና እሑድን በመጋዘን ያሳልፋል። የማጓጓዣ ድርጅቱ ሕያው የባሕር እንስሳ የሚቀበልበትን ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ። እያንዳንዱ ቁራጭ በየራሱ ድርብ ከረጢት፣ ሲሶው ውኃ ሁለት ሦስተኛው አየር ሆኖ ይታሸግ፤ ቆዳ መሰል ኮራል ውኃውን ቶሎ ስለሚያበላሽ ሰፋ ያለ ከረጢትና ብዙ ውኃ ይሰጠው። ከረጢቶቹ ውስጡ በፎም በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ በጋዜጣ ታሽገው ይቀመጡ። በክረምት ብርድ የሚጨመረው ሙቀት ሰጪ ጥቅል በኦክስጅን የሚሠራ ስለሆነ ሣጥኑ ትንሽ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ጥቅሉም በወረቀት ተሸፍኖ ከክዳኑ ሥር ይለጠፍ እንጂ ከረጢቱን አይንካ። ብርቱ ቅዝቃዜ ወይም ሙቀት በተተነበየበት ሳምንት ገዢው ቢቸኩልም ይቆይ ማለት የሻጩ ኃላፊነት ነው።

ሞቶ ለደረሰ ቁራጭ ምን እንደሚደረግ ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፤ የተለመደው ገዢው በደረሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በከረጢቱ እንዳለ ፎቶ ከላከ ገንዘቡ ወይም ምትኩ መመለሱ ነው። ከዕቃው ጋርም የእርስዎ ውኃ ጨዋማነትና ሙቀት፣ ቁራጩ የኖረበት የብርሃን መጠንና ሲደርስ በዝቅተኛ ብርሃን መጀመር እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ይላኩ።

በሕግ በኩል፦ በአሜሪካ ከዚህ ሥራ የሚገኝ ገቢ ትንሽም ቢሆን በዓመታዊ የግብር መግለጫ ላይ መስፈር አለበት፤ የሽያጭ ታክስና የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ግን ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የሚኖሩበትን ስቴት የግብር ቢሮ ይጠይቁ። ሌሲ አክት የተባለው ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የተወሰደ የዱር ፍጥረትን መነገድ ስለሚከለክል እናት ኮራሉን የገዙበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ድንበር ማሻገር ደግሞ የተለየ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች ለአደጋ የተጋለጡ ፍጥረታትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቴስ ስምምነት ባይካተቱም ጠንካራ ኮራሎች፣ ሰማያዊ ኮራልና የኦርጋን ቧንቧ ኮራል የተካተቱ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ አይሻገሩም። በእስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ የኤላት ኮራሎች በሕግ የተጠበቁ መሆናቸውን አስታውሱ፤ ከዚያ የተሰበረ ቁራጭ እንኳ ለእናትነት አይወሰድም።

ያልተሸጠና የተረፈ ኮራል ለማኅበር አባል፣ ለትምህርት ቤት አኳሪየም ወይም ለሱቅ በስጦታ ይሰጥ። ወደ ባሕር፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ፍሳሽ በፍጹም አይጣል። ከዜኒያ ወገን የሆነው ኡኖሚያ ስቶሎኒፌራ ከአኳሪየም ንግድ ወጥቶ የቬንዙዌላን ሪፎች የወረረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሌላው ዘመዱ ዜኒያ አምቤላታ በፖርቶ ሪኮ ባሕር ውስጥ ተገኝቷል። መጣል ያለበት ቁራጭ በከረጢት ታሽጎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ቀን በረዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ ከቤት ቆሻሻ ጋር ይወገድ፤ ያገለገለ የመቁረጫ ውኃም ከመደፋቱ በፊት በበረኪና ይታከም።